ትንኝ የሚበላ ተክል በሻጋታ እንዳይበላ

አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ በል ተክል ከዘር ማብቀል ይቻላል? ይቻላል። እንዲያውም ከብዙ አገር ይልቅ እዚህ ይቀላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ አያቃጥልም፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሐል ከተማ ላይ ደግሞ ውርጭ ብዙም አያስቸግርም። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ያለው ሰው ዋናውን ነገር ይዟል። ችግሩ ወዲህ ነው። ዘሩ ይበቅላል፤ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ ይላል፤ ባለቤቱ ፎቶ አንስቶ ለወዳጆቹ ይልካል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ግማሹ ተኝቶ ያድራል። በማግስቱ የቀረው ይከተላል። ገዳዩ ፈንገስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ተክሎቹ ጥቂት። ሥጋ በል ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ የሚይዙት ትንኝ፣ ጉንዳንና ዝንብ ነው። ኃይላቸውን እንደማንኛውም ተክል ከፀሐይ ያገኛሉ። ከነፍሳቱ የሚፈልጉት በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የትውልድ ቦታቸው ረግረግ ያለበት፣ አሲዳማና ማዕድን የሌለው መሬት ስለሆነ ከአፈሩ እነዚህን አያገኙም። ስለዚህ ሌላውን አትክልት የሚያፋፋው ፍግ፣ ኮምፖስትና ዩሪያ እነዚህን ይገድላቸዋል። ሥሮቻቸው የተሠሩት ለደሃ አፈር ነው። ውሃቸውም ማዕድን የሌለበት መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ ሥጋ በል ተክል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዩትሪኩላሪያ የሚባሉት፣ በጥቃቅን ከረጢቶች የውሃ ነፍሳትን መጥጠው የሚይዙት፣ በአገራችን ውሃማ ቦታዎች አሉ። አበባቸውን ሳይሆን ወጥመዳቸውን የሚያይ ሰው ስለሌለ ነው ስማቸው የማይነሣው።

የትኛውን እንጀምር? የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ድሮሴራ ካፔንሲስ። አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ አካባቢ ነው። ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ላዩን ቀይ ፀጉር ሸፍኖታል፤ በየፀጉሩ ጫፍ የምታጣብቅ ጠብታ አለች። ትንኝ ሲያርፍበት ይያዛል፣ ቅጠሉም ቀስ እያለ ይጠቀለልበታል። ዘሩ በደህና ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ተኩል ያብባል። ሌላ ተክል ሳይፈልግ ራሱን በራሱ አዳቅሎ ዘር ይሰጣል።

ሁሉም ሰው የሚፈልገው ግን ቬነስ ፍላይትራፕን ነው፤ ያንን ጥርሳም ቅጠል። የተፈጥሮ ቤቱ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ጠረፋማ ሜዳ ብቻ ነው። ከዘር ተነሥቶ ሙሉ ተክል ለመሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ላይ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት መተኛት፣ ማለትም ማደጉን አቁሞ ማረፍ፣ አለበት፤ የሚያስተኛው ደግሞ ብርድና የቀን ማጠር ነው። እኛ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተክሉ መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል። ቅጠሉ እንደ ቱቦ ቆሞ ነፍሳትን የሚያጠምደው ሳራሴኒያም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ ዘሩ ራሱ ከመዘራቱ በፊት ለ4 ሳምንት ያህል በእርጥበት ፍሪጅ ውስጥ መክረም አለበት። የደጋ ኔፔንቴስ፣ ማሰሮ መሰል ወጥመድ የሚያንጠለጥለው፣ የአዲስ አበባን አየር ይወዳል፤ ዘሩ ግን ቶሎ ይሞታል፣ ትኩስ ካልሆነ ከንቱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሰማያዊ የፍላይትራፕ ዘር ሲሸጥ ካያችሁ እለፉት። ሰማያዊ ፍላይትራፕ የሚባል ነገር የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። «ሻንጣህ ውስጥ ሸጎጥ አድርገህ አምጣልኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ከዘሩ ጋር በሽታ ቢመጣ ግን ዕዳው ለሌላውም ይተርፋል።

አሁን ወደ ገዳዩ። ችግኝ አልጋ ላይ የምናየው ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን አለመለየት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት መድኃኒት እንዲረጭ ያደርገዋል።

አንደኛው ነጭ፣ ጥጥ ጥጥ የሚል፣ አንድ ዘር ላይ ብቻ የሚወጣ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሞተ ዘር የሚበላ ፈንገስ ነው። ዘሩን የገደለው እሱ አይደለም፤ ሬሳው ላይ ነው የደረሰው። በስቴኪኒ ጫፍ አንሥታችሁ ብትጥሉት ይበቃል። ሁለተኛው ግራጫ ሆኖ የሚቦነው ቦትሪቲስ ነው። ከሞተ ቅጠል ይጀምርና ወደ ሕያው ያልፋል። ብርድ፣ እርጥበትና የቆመ አየር ሲገጥሙለት ይነግሣል፤ የሐምሌና የነሐሴ ጠባይ ማለት ነው።

ሦስተኛው ችግኙን በአንድ ሌሊት የሚያስተኛው ነው። ይህን ቀረብ ብላችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ምንም የሆነ አይመስልም። አንገቱ ግን፣ ልክ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ፣ ውሃ የቋጠረና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኗል፤ ከዚያ ቀጥኖ ክር ያክላል። ችግኙ ከዚያ ይታጠፋል። አድራጊዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ራይዞክቶኒያ፣ ፉዛሪየምና ፒቲየም ናቸው። ፒቲየም በትክክል ከተነገረ ፈንገስ እንኳ አይደለም። የድንች ማሳን በጥቂት ቀን አጥቁሮ ከሚያጠፋው በሽታ ጋር ዘመድ ነው። የሚራባበት ደቃቅ ዘር ጭራ አለው፣ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ይህች ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በርካታ መትከያዎችን በአንድ ሰፊ ትሪ ውሃ ውስጥ የሚያቆም ሰው አንዱ ሲታመም ለምን ሁሉም እንደሚታመሙ የምትነግረን እሷ ናት። መንገዱን ራሳችን ሠርተንለታል። ለእያንዳንዱ መትከያ የራሱ ሳህን ይኑረው።

የፈንገስ ዘር አየሩ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ከቤታችን ልናስወጣው አንችልም። የምንቆጣጠረው የሚመቸውን ሁኔታ ነው። እንጀራ ሞቅ እንዳለ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው በሦስተኛው ቀን የሚያየውን ያውቃል፤ የዘር አልጋን በላስቲክ አፍኖ ሁለት ሳምንት መርሳትም ያው ነው። እዚህ ላይ ነው የሥጋ በል ተክል ጣጣ የሚመጣው። መብቀል የጀመረ ዘር አንድ ቀን ከደረቀ ይሞታል፤ ስለዚህ እርጥበት የግድ ነው። ያው እርጥበት ፈንገሱንም ይቀልባል። መፍትሔው እርጥበቱን ከሥር መስጠት፣ ከላይ ደግሞ አየሩ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ውሃ። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ ከተለያየ ቦታ ይመጣል። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድኑ ከፍ ያለ ነው። ዛሬ ቤታችሁ የደረሰው ከየትኛው እንደሆነ ቧንቧው አይነግራችሁም። ስለዚህ የዝናብ ውሃን የሚያህል የለም። ክረምት ላይ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ይጠቡት፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ ጀሪካን ያዙ። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ፣ ከተቻለ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጦ ከሰማይ በቀጥታ መቀበል ይሻላል። ጀሪካኑ ተከድኖ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ካልሆነ አልጌ ያወጣል፣ የወባ ትንኝ ዘመዶችም ይራቡበታል።

ዝናብ ካለቀባችሁ የታሸገ ውሃ አለ። የላስቲኩን ጽሑፍ አንብቡና ቲዲኤስ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን መጠን፣ ፈልጉ። በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። አምቦ ውሃ ግን ለእናንተ ይሁን። የመኪና ዕቃ መሸጫዎች የሚሸጡት የተጣራ የባትሪ ውሃም ይሆናል፤ ብቻ ስትገዙ ውሃው ይሁን አሲዱ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

አፈር። ከመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ የምትገዙት የተዘጋጀ አፈር ፍግ ስላለበት አይሆንም። የሚያስፈልገው ፒትሞስ ነው፤ ከረግረግ የሚወጣ የዕፅዋት ብስባሽ፣ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት። የአበባ እርሻዎች ስለሚጠቀሙበት የግብርና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ መጠየቅ ያዋጣል። አንድ እጅ ፒትሞስ ከአንድ እጅ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) ወይም ከታጠበ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል። አሸዋው ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ተዉት። ፐርላይት ስትነኩ መጀመሪያ አርጥቡት፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ኮኮፒት፣ ማለትም የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ ካገኛችሁ ጨው ስለሚይዝ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ድብልቁ ላይ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ይህ ሁሉንም ነገር አይገድልም። ግን የትንኝ እንቁላልን፣ የአረም ዘርንና ከፈንገሱ ብዙውን ይቀንሳል። መትከያውን በበረኪና እጠቡ፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። መትከያው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ጥሩ ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል። ሳህኑ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲኖር፣ ረጅም መትከያ ላዩ እርጥበት ይኖረዋል እንጂ ውሃ አይቋጥርም፤ አጭር ከሆነ ግን ላዩም ጭቃ ይሆናል፣ ፒቲየምም የሚዋኝበትን ያገኛል።

መቼ ይዘራ? ሰው ሁሉ ክረምት ላይ መዝራት ይወዳል፤ እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጨለማ ነው። ችግኙ በብርሃን እጥረት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለስላሳ አንገቱን ይዞ ለብዙ ሳምንት ይቆያል። በሽታው የሚያጠቃው ያንን ለስላሳ አንገት ነው። በዚያ ላይ በረዶ አለ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ የሦስት ወር ልፋት ያፈርሳል። ክረምቱን ለውሃ ማጠራቀሚያ ተጠቀሙበት፣ መስከረም ካለፈ በኋላ ዝሩ።

የድሮሴራ ዘር ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካስነጠሳችሁ ሄደ። ነጭ ወረቀት መሐል ላይ እጠፉ፣ ዘሩን እጥፋቱ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘንበል አድርጋችሁ በጣት ጠርዙን መታ መታ እያደረጋችሁ እየተንቀሳቀሳችሁ ዝሩ። በወረቀቱ ነጭነት ላይ እያንዳንዱ ሲንሸራተት ይታያል። አትቅበሩት፤ ብርሃን ካላገኘ አይበቅልም። ከላይም ውሃ አታፍሱበት፣ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። አራርቃችሁ ዝሩ። ችግኝ ከችግኝ ከተነካካ ፈንገሱ አንዱን ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር አይቸገርም። ሙሉ ፓኬቱን በአንድ መትከያ አትጨርሱ፤ ለሁለት ከፍላችሁ ዝሩት፣ ጥቂት ደግሞ አስቀሩ።

ፍላይትራፕን ለሚሞክር ሰው፦ ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ከመዝራት በፊት ማጽዳት ይቻላል። ለቁስል የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ለድሮሴራ አልመክርም፤ ትርፉ ዘሩን ማጣት ነው።

አሁን ክዳን። ከጥቅምት እስከ ጥር የአዲስ አበባ አየር ከሰዓት በኋላ ደረቅ ነው፣ ክዳን የሌለው ዘር ይደርቃል። የቴካዌይ ግልጽ ዕቃ ጥሩ ክዳን ነው። በስቴኪኒ አይበሳም፣ በጋለ ምስማር ግን ጎንና ጎኑን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከላይ ሳይሆን ከጎን የሆነበት ምክንያት አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው። በየጠዋቱ ክዳኑን አንሡ፣ በውስጡ የተንጠለጠለውን ጠብታ በሶፍት ጥረጉ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፍት ይቆይ። የእኛ አገር ቀንና ሌሊት የሙቀት ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ጠብታው ብዙ ነው። ያ ጠብታ ችግኝ ላይ ሲወርድ አፈር ያስፈነጥራል፣ ከአፈሩ ጋር ፈንገሱን ቅጠሉ ላይ ያስቀምጣል።

አረንጓዴ ነጥቦች ከታዩ በኋላ ብዙ ሰው ይፈራና ክዳኑን አጥብቆ ይዘጋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን በስቴኪኒ ከፍ አድርጋችሁ ክፍተት ስጡ። በሁለተኛው ግማሹን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ፀጉራም ቅጠሎች ሲወጡ፣ ማለትም የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነገር ላይ ጠብታ ስትታይ፣ ክዳኑ ሥራው አልቋል። አየር የማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ የአሮጌ ኮምፒውተር ፋን ፈልጉ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ወደ ግድግዳው ይንፋ እንጂ ቀጥታ ችግኙ ላይ አይንፋ።

ፀሐዩ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ የተከደነ ዕቃ ውስጥ ችግኝ ይቀቀላል። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ፣ የቀትሩ ደግሞ በስስ መጋረጃ በኩል ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ጠዋት የወደቀ ችግኝ ልታዩ ትችላላችሁ። ያን ዕለት ሥራ አለ። የወደቀውን ብቻ በወረንጦ አታንሡ። በሻይ ማንኪያ ከዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር አፈር ጨምራችሁ አውጡና ከቤት ውጭ ጣሉት። ክዳኑን አንሡ። የሳህኑን ውሃ አፍስሱ፣ አንድ ቀን ያለ ውሃ ይዋል። ብርሃን ጨምሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ያስቆመዋል።

መድኃኒት እፈልጋለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ጠላቱን ይወቅ። ካርቤንዳዚም ለብዙ ፈንገስ ይሠራል፣ ፒቲየምን ግን አይነካውም። ለፒቲየም የሚሆነው ሜታላክሲል ነው፤ የድንችና የቲማቲም ገበሬዎች የሚያውቁት ሪዶሚል ውስጥ ያለው ነው። መዳብ ያለባቸውን መድኃኒቶች ተዉ፤ ሥጋ በል ተክሎች፣ በተለይ ድሮሴራ፣ አይችሏቸውም። የትኛውም ቢሆን ለማሳ እንጂ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን የተሠራ አይደለም። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ከወጥ ቤት ርቆ፣ ልጆች በሌሉበት። ለአንድ መትከያ ችግኝ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ትራይኮደርማ የሚባለው ጠቃሚ ፈንገስ ከተገኘ ይሻላል። አስቀድሞ አፈሩን ይይዝና ለመጥፎዎቹ ቦታ ያሳጣል። ከታመመ በኋላ ሳይሆን ሲዘራ ነው የሚጨመረው።

ቀረፋስ? ሁሉም ሰው ቀረፋ ይላል። በቀረፋ ውስጥ ፈንገስ የሚያዳክም ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ስስ አድርጎ ላዩ ላይ መነስነስ አይከፋም። ግን አየር የሌለበትን አልጋ ቀረፋ አያድነውም። ወፈር ተደርጎ ከተነሰነሰ ደግሞ ራሱ ቅርፊት ሠርቶ ችግኙን ያፍናል።

አፈሩ ላይ የሚራወጡ ጥቁር ጥቃቅን ትንኞች ካያችሁ አትናቋቸው። ትሎቻቸው የችግኝ ሥር ይበላሉ፣ ከአንዱ መትከያ ወደ ሌላው ፈንገስ ያጓጉዛሉ። ቢጫ ሙጫ ወረቀት ይይዛቸዋል። አድጎ የቆመ ድሮሴራ ካላችሁ ደግሞ አጠገቡ አስቀምጡት። በራሱ ፈቃድ ይጠብቃል።

ስለ ምግብ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዝንብ ያጣ ቀን ምን ሊበላ ነው?» አሉኝ። «ምንም አይሆንም እትዬ፣ ፀሐይ ካገኘ ይኖራል» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ከምሳቸው የተረፈች ቁርጥ ይዘው መጡ። ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ፍራንሲስ ዳርዊን በ1878 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ለድሮሴራ ጥቃቅን የተጠበሰ ሥጋ እየሰጠ ሞክሮ፣ የተመገቡት ካልተመገቡት እጅግ የበለጠ ዘር እንደሚሰጡ አሳይቷል። ግን የእሱ ቁራሽ ደቃቅ ነበረች። ከቅጠሉ አቅም በላይ የሆነ ምግብ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ወደ ቅጠሉ ያልፋል። ችግኙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲሞላ፣ የተፈጨ የዓሣ ምግብ በስቴኪኒ ጫፍ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሁለት ቅጠል ብቻ በቂ ነው።

ችግኞቹ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ ወደየራሳቸው መትከያ ይዛወራሉ። ሥሩን አትንኩ፤ አፈሩን ይዛችሁ በማንኪያ አንሡ። አበባው ሲመጣ በአንድ ዘንግ ላይ ተራ በተራ ይፈነዳል፣ እያንዳንዱ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው። ዘንጉ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ገልብጣችሁ አራግፉት። ወዲያው አትዝጉት። ፖስታው አንድ ሳምንት ያህል ክፍት ሆኖ ደረቅ ቦታ ይቆይ፤ እርጥበት የያዘ ዘር ፍሪጅ ውስጥም ይሻግታል። ከዚያ በእርሳስ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት፣ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ፍሪጅ ውስጥ ከከተታችሁት ለዓመታት ይበቅላል፤ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋም ምንም አይሆንም።